ባለቤቴ ወጣ ብላለች

ይድረስ ለልጄ አባት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጉልበትህ ልጠይቅ። ሌላው ጤናህ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጃችን ሳልጠይቃትም በየቀኑ ትነግረኛለች። ከመሰላል ወድቀህ ጉልበትህን መጎዳትህን፣ ሐኪሙ ባዘዘልህ ምርኩዝ መሄድ ማፈርህን፣ ሱቅ ስትሄድም በጋዜጣ ጠቅልለህ እንደምትይዘው ሁሉ ሰምቻለሁ። ጉድ እኮ ነው! በጋዜጣ የተጠቀለለ ምርኩዝ ምን የሚመስል ይመስልሃል? ሰው ጠመንጃ ነው ብሎ እንዳይሸሽህ።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው፣ ጉልበቴም ደህና ነው። የተከራየኋት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብትሆንም ደረጃውን ዘፈን እያንጎራጎርኩ ነው የምወጣው። ልጃችን «እማዬ ከስታለች» ብላህ ከሆነ አትስማት፣ እሷ ሰው ሁሉ የከሳ ነው የሚመስላት።

ለምን እንዳልደወልኩ አንተም ታውቃለህ። እኔና አንተ በስልክ ሁለት ደቂቃ ካወራን ሦስተኛው ጩኸት ነው። በደብዳቤ ግን መሃል ገብተህ ልታቋርጠኝ አትችልም፤ ወደድክም ጠላህም እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከወደቅክ ወዲህ ልጃችን እንቅልፍ የላትም። በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው፣ ሌላ ቀን ቢወድቅ ማን ያነሳዋል እያለች ነው የምትጨነቀው። ቤቱ ተሽጦ እሷ አጠገብ እንድትገባ ለምናህ እሺ ብለሃል። እኔንም ፈርሚ ብላኝ እሺ ብያለሁ፤ ካርታው በሁለታችን ስም አይደል። ታዲያ እሺ ከተባባልን ስንት ጊዜ ሆነ? ገዢ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል። ልጅቷ ግራ ቢገባት «እማዬ፣ የሰውን ቤት አሳምረሽ ታሸጫለሽ፣ የአባዬን ምን ነክቶት ነው? እባክሽ ምክር ጻፊለት» አለችኝ።

እንደምታውቀው ከቤት ከወጣሁ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ሆኗል። ሰዎች ቤታቸውን ለመሸጥ ሲነሱ ወደ ቢሮአችን ይመጣሉ። ደላሎቹ ገዢ ያመጣሉ፣ እኔ ደግሞ ቀድሜ ገብቼ ቤቱን ለዓይን አዘጋጃለሁ። ሳልኩራራ ልንገርህ፣ እኔ የገባሁበት ቤት ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ምክሬን እንደ ድሮው ንዝንዝ አትቁጠርብኝ፤ ሌላው ሰው ከፍሎ ነው የሚሰማኝ።

በመጀመሪያ ከግቢው ውጣና እንደ እንግዳ ሆነህ ተመልሰህ ግባ። ገዢ ከሁሉ በፊት የሚነካው የበሩን እጀታ ነው። ያንን በር! በትከሻ ደግፈው፣ ወደ ላይ አንሳ አድርገው፣ በእግር ገፋ ካላሉት የማይከፈተውን በር። የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ጠግነህ ያናገርክ ሰውዬ፣ የራስህን በር «ነገ» እንዳልከው ልጅ አሳድገን ዳርንበት። ግራ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያስታውሰኛል። ገዢ እንዲህ ያለ በር ሲገጥመው ማጠፊያው ላልቷል ብሎ አያልፍም፤ በሩ እንዲህ ከሆነ ጣሪያው እንዴት ይሆን ነው የሚለው። አናጢ ጥራ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከዚያ ሽታውን አስብበት። ሰው የራሱን ቤት ሽታ አያሸትም፣ አፍንጫው ለምዶታል። ገዢ በሚመጣበት ቀን ከማለዳው ጀምሮ መስኮቶቹን ሁሉ ክፈት። ሽቶ እንዳትረጭ አደራ! ገዢዎች ሽቶ ሽቶ የሚል ቤት ሲገቡ «ምን ደብቀው ነው?» ብለው ማነፍነፍ ይጀምራሉ።

የሞቱት ሬዲዮዎችህ ደግሞ ይቀበሩ። «አንድ ቀን ዕቃቸው ይገኛል» ያልካቸውን ማለቴ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ወንበሩን ሁሉ የያዙት እነሱ ነበሩ፤ እንግዳ ሲመጣ አንዱን ሬዲዮ አንስተን ነበር የምናስቀምጠው። ገዢ የሚገዛው ባዶ ቦታ ነው። ግማሹን ዕቃ አውጣ፣ ከዚያ የቀረውን እንደገና ግማሹን አውጣ።

በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን እርጥበት ቁም ሳጥን አስጠግተህ እንደሸፈንከው አልረሳሁም። የገዢ ሚስት ቁም ሳጥኑን ታስገፋዋለች፣ እመነኝ፤ እኔም ብሆን አስገፋለሁ። ግድግዳውን የሚያጠጣው ከአሸንዳው የሚፈሰው ውሃ ነው፤ ስንት ጊዜ ነገርኩህ! መጀመሪያ አሸንዳው ይስተካከል፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በእርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ላብ ላይ ፓውደር መነስነስ ነው። መስተካከል ያልቻለውን ደግሞ በግልጽ ንገራቸው። አንድ የደበቅከው ነገር ከተገኘብህ ያልደበቅከውንም አያምኑህም።

ቀለም ካነሳን አይቀር፣ መታጠቢያ ቤቱ! የአውቶቡስ ጋራዥ ከሚሠራው ጓደኛህ የተረፈ ሰማያዊ ተቀብለህ መጥተህ የቀባኸው። እዚያ ገብቼ ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር ፌርማታዬ ያለፈኝ ይመስለኝ ነበር። ቢጫ ይሁንልኝ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲገባበት ደስ የሚል ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? አሁን ግን ቢጫም አይሆንም። ነጭ ቀባው። ለሚሸጥ ቤት ነጭ ነው፤ ገዢው የራሱን ኑሮ በዓይኑ ይስልበታል። ሰው የወደደውን ቀለም የሚቀባው ለሚኖርበት ቤት ነው።

ፎቶዎቹንም ከግድግዳ አውርድ። ገዢ የራሱን ልጆች እንጂ የሰው ልጅ እያየ ቤት መግዛት አይወድም። የሰርጋችንም ፎቶ ካለ፣ ካለ ነው ያልኩት፣ ለልጃችን ስጣት።

ከሁሉም በላይ ግን ገዢ ሲመጣ አንተ እዚያ አትገኝ። ወሬ ትጀምራለህ። ይህ መስኮት እንዴት እንደተገዛ፣ ያ ጥግ ላይ ማን ይተኛ እንደነበር... ለደላላው ቁልፉን ስጥና ሄደህ ከጓደኛህ ጋር ዳማ ተጫወት።

እዚህ ላይ ጨርሼ፣ ደህና ሁን ብዬ ልልክልህ ነበር። ልጃችን መጥታ እስክትወስደው ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ግን ዛሬ ቢሮ አንድ ነገር ሰማሁ። ስለዚህ ብዕሬን እንደገና አነሳሁ፤ አንተም እስኪ ቁጭ በልና አንብበው።

ባለኮፍያው የምንለው አንድ ደላላ አለ። ብርድ ሆነ ሙቀት ኮፍያውን አያወልቅም፤ ራሰ በራ ነው ብለን እንጠረጥረዋለን። በቅርቡ ከሌላ ቢሮ ነው ወደ እኛ የተዛወረው፣ ሲመጣም የያዛቸውን ቤቶች ይዞ መጣ። ስለ እኔ ኑሮ የሚያውቀው ነገር የለም። ዛሬ ገብቶ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ምሬቱን ጀመረ።

«አንድ ቤት ይዤ ላብድ ነው» አለ። «ቤቱ ወርቅ ነው፣ ግን አይሸጥም። ባለቤቱ አሉ፤ ባለቤታቸው ግን መቼም የሉም!» ሁላችንም ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ገዢ ይዞ በሄደ ቁጥር ሰውዬው በደንብ አድርገው ያስጎበኛሉ አለ፤ ገዢው ወዶ ወደ ዋጋው ልግባ ሲል ግን «ባለቤቴ ወጣ ብላለች፤ ስትመጣ ተነጋግረን እናሳውቃችኋለን» ይላሉ። ሦስት ገዢ፣ ሦስቴ ያው መልስ። አንደኛውማ ሴትዮዋን ላግኛት ብሎ እስኪመሽ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ጠብቋታል። «ምን ዓይነት ዘዋሪ ሴት ናት እናንተ? ቤት የላትም እንዴ?» አለ።

አልዋሽህም፣ ገና አልገባኝም ነበር። ስለማላውቃት ሴትዮ ተናድጄ «ምክንያት ይኖራት ይሆናል፤ አንተ ምን አገባህ?» አልኩት። እሱም ቤቱ አንድ እንከን ብቻ እንዳለው ነገረን፤ መታጠቢያ ቤቱ እንደ አውቶቡስ ሰማያዊ ነው አለ።

የሻይ ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «በሩስ?» አልኩት። የቱ በር አለኝ። የፊቱ በር፣ በትከሻ አንስተው ነው ወይ የሚከፍቱት አልኩት። ሳቀብኝ። በሩ በአንድ ጣት ነው የሚከፈተው አለ። ለሽያጩ ብለው ያሠሩት ነው ወይ ብሎ ጠይቆህ ነበር። አንተም፣ አይደለም፣ ከተሠራ ቆይቷል፣ ባለቤቴ ስትገባ ትከሻዋን እንዳያማት ብዬ ነው አልከው።

ስለ ሬዲዮዎቹ ጠየቅኩት። ያለው አንድ ሬዲዮ ነው፣ እሱም ይሠራል አለ። ቁም ሳጥኑስ? ከቦታው ተነስቷል፣ ግድግዳውም ደረቅ ነው። አሸንዳውስ? አዲስ ነው፤ ሰውዬው ራሳቸው ናቸው የሠሩት፣ እንዲያውም እሱን ሲሠሩ ነው ወድቀው ጉልበታቸውን የተጎዱት አለ። ልጃችን ከመሰላል ወደቀ ብላኛለች እንጂ መሰላሉ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩ።

ባለኮፍያው ይህ አልበቃው ብሎ ወደ ፎቶው ሄደ። ሳሎኑ ውስጥ የሰርግ ፎቶ አለ፣ አውርዱት ብላቸው እምቢ አሉኝ አለ። «ሙሽራዋ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ቢጠብቋትም አይፈረድባቸውም፤ ቆንጆ ናት» አለ። ይህን የሚለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው። አላወቀኝም እኮ! መነጽር እንዲያሠራ መከርኩት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ስወጣ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

የልጄ አባት፣ ተናድጄብሃለሁ። በጣም ነው የተናደድኩብህ። በሩን ከጠገንክ ለምን አልነገርከኝም? ልጅቷ ካንተ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አንተ ስትመላለስ ነው የምትውለው፤ «በሩ ተሠርቷል» ብሎ መላክ ያን ያህል ይከብዳል? የሰውን ሬዲዮ ሁሉ አናገርክ፣ አንተ ግን አፍ የለህም።

ደግሞ ውሸታም ልልህ ፈልጌ ነበር። የሌለችን ሚስት ወጣ ብላለች እያለ ሰው ያጉላላል ልልህ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ደረጃው መሃል ላይ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት ስለ በሩ ተጨቃጭቀን፣ ኮቴን ደርቤ፣ በትከሻዬ አንስቼ ስከፍተው ያልኩህ ትዝ አለኝ። «ወጣ ብዬ ልምጣ» ነው ያልኩህ። ሌላ ነገር አልወጣኝም። ሄድኩ አላልኩህም፣ ተውኩህም አላልኩህም። አንተ የነገርኩህን ነው ለሰዎቹ የምትነግራቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ዘፈኑም ቀረ። ናፍቀኸኛል። ይኸው ጻፍኩት።

ከላይ ያለውን ምክር አልቀደድኩትም፣ የለፋሁበት ነውና አንብበው፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ለአንተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቤት የሚሸጠው ባለቤቱ ልቡ ሲቆርጥ ነው። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ የሆነ ባለቤት ያለበትን ቤት እኔም አሳምሬ ላሸጠው አልችልም። ባለቤት ስል ደግሞ ሁለታችንንም ነው።

እሑድ ጠዋት እመጣለሁ። በሩን የምከፍተው በአንድ ጣት ነው፤ ባለኮፍያው አጋኖ ከሆነ ወዮልህ! መሰላሉን አውጥተህ ጠብቀኝ። እኔ እወጣለሁ፣ አንተ ከታች ሆነህ ትይዝልኛለህ። ቀለምና ብሩሽ ገዝቻለሁ፣ መታጠቢያ ቤቱ በዚያው ቀን ያልቃል። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ብዙ አወጣሁ አወረድኩ፤ ነጩንም አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የያዝኩት የእንቁላል አስኳል የመሰለውን ነው።

ባለኮፍያው ሰኞ አራተኛውን ገዢ ይዞ ይመጣል። «ባለቤትዎ አሉ?» ሲልህ እንዳትመልስ አደራ። እኔ ራሴ ወጥቼ እመልስለታለሁ። ያን ጊዜ ኮፍያውን ካላወለቀ መቼም አያወልቅም።

ልጃችንን አታስጨንቃት፤ አባቴ ብቻውን ነው ስለምትለው ነገር እኔ አነጋግራታለሁ። ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠግንልህ፣ የቤትህን ብርሃን አያጥፋብህ፣ እስከ እሑድ ድረስም ከመሰላል ይጠብቅህ። ምርኩዙን ከጋዜጣው አውጣው።

ወጣ ብላ የነበረችው
ባለቤትህ