በማርያም ቀን የሚያርፍ ሶላር

የተከበሩ አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት አንድ ፍርድ ለመለመን ነው፤ በቃል ሳይሆን በእጅዎ ተጽፎ የሚላክ ፍርድ። ጉዳዩን ሳያስረዱ ፍርድ መጠየቅ እርስዎ ካስተማሩኝ ሥርዓት ውጪ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ እዘረዝራለሁ፤ ቢረዝምብዎትም ታግሠው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

አስቀድሜ ግን ጤናዎን ልጠይቅ። ክረምቱን እንደምን ከረሙ? የጎባ ብርድ ጉልበትዎን ምን አደረገው? ማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያው ብቻ ይበቃዎታል ወይስ ደቀ መዝሙር ይደግፍዎታል? ዓይንዎስ? የድጓው ፊደል ይደበዝዝብኛል ብለውኝ ነበር፤ ለሐኪም ታዩ ወይስ እንደ ልማድዎ ነገ ዛሬ እያሉ ነው? እናቴ ምን ትላለች? ወገቧ ተሻላት? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ ለዚህም ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። «በአካል» ብዬ መለየቴን እንደሚያስተውሉት አውቃለሁ፤ አልደብቅዎትም።

ሥራዬን በስልክ ልነግርዎ ስሞክር ድምፁ እየተቆራረጠ ስላልተሰማዎት እዚህ ላይ ላስረዳ። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለችው ይህች መንደር የመብራት ምሰሶ አልደረሳትም። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የእኔ መሥሪያ ቤት ለየቤቱ ሶላር ሰጠ። በጣራው ላይ የሚቀመጥ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ቀን ከፀሐይ የሚቀበለውን ኃይል ባትሪ ያጠራቅመዋል፤ ማታ አምፖል ይበራበታል፣ ራዲዮ ይሰማበታል፣ ስልክ ይሞላበታል። የእኔ ድርሻ እነዚህ ሰሌዳዎች የሚገባቸውን ያህል መሥራታቸውን መከታተል ነው። በየቤቱ እየዞርሁ በየቀኑ የገባውንና የወጣውን ከመለኪያው እገለብጣለሁ፤ አቧራ ለብሶ ወይም ዛፍ አጥልቶበት እንደሆነም አያለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሣጥን አለች፤ አረንጓዴ ስታበራ ባትሪው ጠግቧል፣ ቀይ ስታበራ ተርቧል ማለት ነው። ደጋግሞ የተራበ ባትሪ ዕድሜው አጭር ነው።

ልኬታውን በጀመርሁበት በነሐሴ የሚገባው ኃይል ሲያንስ በደመናው አሳበብሁ። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራም ግን አልተሻለም። አንዳንዱ ቀን ጭራሽ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ደመና የለ፣ ሽቦ አልተበጠሰ። ሰሌዳ አጠብሁ፣ ሽቦ ፈትቼ መልሼ አሰርሁ፤ ምንም። ኋላ ባዶዎቹን ቀኖች ጎን ለጎን ሳስተያያቸው ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ ሆኑብኝ፤ ቅዳሜና እሑድም ተጨምረው። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔ ዓለምንና በዓለ ወልድን በቁጥራቸው ባለማወቄ ቢስቁብኝ አልቀየምም። እኔም በበዓል ስለማልዞር፣ በሩቅ የማየውንም ጨርቅ የተሰጣ ልብስ መስሎኝ ልብ አላልሁትም ነበር እንጂ፣ ሰዎቹ በበዓል ቀን ሰሌዳውን በአሮጌ ጋቢ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍነው ያሳርፉታል።

የመንደሩን ሽማግሌ አያ አወቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «ሊተክልልን የመጣው ሰውዬ ምን እንዳለን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ይህ ሣር የማይበላ፣ ውኃ የማይጠጣ በሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራላችኋል አለን። እኔ ደግሞ ከተወለድሁ በሬዬን በማርያም ቀን ጠምጄ አላውቅም። ሣሬን ስላልበላ ሰንበቱን ልንፈገው?» አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና አብረን እንስቅ ነበር። ፀሐይቱስ በሰንበት መች ታርፋለች ብል፣ «ፀሐይን ያዘዛት እግዜር ነው፤ ያንን ጣራ ላይ የሰቀልነው እኛ ነን» ብለው መለሱልኝ።

እንግዲህ ወደ ከፋው ነገር ልምጣ። የምኖረው እትዬ ሥራነሽ ከሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ግቢ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ዘንድሮ መስቀል ዓርብ ዋለ፤ ቅዳሜና እሑድ ተከተሉት፤ ሰኞ ጉም ሲጫነን ዋለ፤ ማክሰኞ ደግሞ የመስከረም ማርያም ሆነች። የእትዬ ሥራነሽ ሣጥን ቀይ ማብራት ከጀመረች ሰንብታ ነበር። ባትሪው ዓይኔ እያየ ሊሞት ነው ብዬ፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ መሰላል አቁሜ ወጣሁና ጋቢውን ገለጥሁት። በዚያው ሳምንት ዓርብ በረዶ ወረደ። ሊያሽት የተቃረበውን ገብስ ከአገዳው እየሰበረ አስተኛው። በነጋታው መንደሩ ሁሉ «በማርያም ቀን በሬ የጠመደች» አለኝ። ምንጭ ስወርድ አንዷ ለሌላዋ፣ እኔም እንድሰማ ከፍ አድርጋ፣ «እንስራሽን አንሺ፣ ጠማጇ መጣች» ትላታለች። አሁን መጠሪያዬ ይኸው ነው።

ማንም እጁን አላነሳብኝም፣ ማንም ውጪ አላለኝም። ሰላምታም አልተነፈግሁም፤ ተቆረጠብኝ እንጂ። ድሮ አንዱን ደጅ ለማለፍ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ አገሬ፣ ስለ እርስዎ ጤና ተጠያይቀን ነበር የምንለያየው። ዛሬ «እንደምን አደርሽ» «ይመስገን» ተባብለን ያበቃል። ለልኬታ ስሄድ ውሻውን ይይዙልኛል፣ ሣጥኗን ያሳዩኛል፣ አረፍ በይ አይሉኝም። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከጮቄ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ከምድጃዬ በቀር የሚያነጋግረኝ የለም። ለአንድ ሰው ድንች መቀቀል አልተማርሁም፤ ሁልጊዜ ይተርፈኛል። እቤታችን ሳለሁ ተማሪዎችዎ ዶሮ ሳይጮኽ እያዜሙ ሲቀሰቅሱኝ እነጫነጭ ነበር። አሁን ውዳሴ ማርያምን ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግማለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና አንዳንድ ቀን ለጸሎቱ ሳይሆን የሰው ድምፅ ለመስማት ብዬ ነው።

የእኔ ብቻ ቢሆን ችዬው በዝምታ ባለፍሁ ነበር፤ ግን የመንደሩ መብራት በዚሁ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። መሥሪያ ቤቱ የማይሠሩ ሰሌዳዎች ከተገኙ ነቅሎ ወደ ሌላ ወረዳ ሊወስዳቸው ወስኗል። የእኔ ሪፖርት ኅዳር 15 ይገባል። ስልክ ወደሚሰማበት ኮረብታ ወጥቼ ነገሩን ለኃላፊዬ ባስረዳው፣ «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ፤ ባዶዎቹን ቀኖች በአማካይ ሙዪና ላኪ» አለኝ። ያልገባ ኃይል ገብቷል ብዬ አልጽፍም አልሁት። ስልኩን ዘጋብኝ። አዩ አባቴ፣ ሐሰት ብጽፍ ሰሌዳዎቹ ለጊዜው ይቆያሉ፣ ባትሪዎቹ ግን አንድ በአንድ ይሞታሉ፣ ሕሊናዬም አብሮ። እውነቱን ብቻ ጽፌ ዝም ብል ደግሞ ሰዎቹ ሰንበትን ስላከበሩ ወደ ኩራዝ ይመለሳሉ። ይህን ያህል ሰው በእኔ ብዕር ጨለማ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ይከብደኛል፤ ሰላም ባይሉኝም።

ስለዚህ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ ቄስ እንዳላማው ሄድሁ። ደግ ሰው ናቸው፤ አስቀምጠው አዳመጡኝ። «ልጄ፣ ሸፍኑ ብዬ ያዘዝሁት እኔ አይደለሁም» አሉኝ። «ግን ተነሥቼ ግለጡ ብል፣ በረዶ በወረደ ቁጥር ተጠያቂው እኔ ልሆን ነው። ከእኔ የሚበልጥ መምህር ጽፎ ቢልክልኝ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን አነብላቸዋለሁ። ሊቅ የጻፈውን ይሰማሉ።» የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ፤ ስምዎን ስጠራ ብድግ ብለው እንደገና ተቀመጡ። ሦስት ዓመት እኖራለሁ ብዬ የመጣሁበት አገር ላይ ያን ዕለት ብቻ ባዳ እንዳልሆንሁ ተሰማኝ።

ዛሬ ሚካኤል ነው። በመስኮቴ የሚታዩኝ ሰሌዳዎች ሁሉ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ይህን እየጻፍሁ ሳለሁ እትዬ ሥራነሽ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ፤ ከበረዶው ወዲህ ደጃፌን ረግጠው አያውቁም ነበር። «ለአባትሽ ነው?» አሉኝ። አዎን አልሁ። «እንግዲያ የእኔንም ጠይቂልኝ» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «በሬው በማርያም ያርፋል፣ ደግ። ላሚቱን ግን ማለዳ አልቤያት ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው። ሰንበት ነው ብዬ ብተዋት ጡቷ አብጦ የምትታመመው እሷ ናት። ታዲያ ይህ ጣራዬ ላይ ያለው ነገር በሬ ነው ወይስ ላም?»

ብዕሬን አስቀመጥሁ። ይህን ለምን ለአያ አወቀ አይነግሯቸውም ብላቸው፣ «ጠማጇ ናት ያስጠናቻት እንዲሉኝ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «በረዶውን አንቺ አመጣሽው ብዬ አላውቅም፤ በረዶ የት ታውቂና። የከፋኝ ሳትጠይቂኝ መውጣትሽ ነው። ጣራው የእኔ ነው፤ በዓሉም የእኔ ነው» አሉኝ። አባቴ፣ መለኪያዬን ይዤ ስዞር የኖርሁት ሁሉ ይህን አልነገረኝም። ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ተይ እንግዲህ፣ ደብዳቤሽ እንዳይበላሽ» አሉኝ፤ ነገ የሮብ ገበያ ነውና ራሳቸው ይዘውት ሊወርዱ ቃል ገቡልኝ።

አሁን ልመናዬን ልጨርስ። ፍርዱን ሲጽፉ ለልጅዎ አያድሉ። ቅዱሳት መጻሕፍት የሚሉትን፣ አበው የወሰኑትን አይተው፣ ሰሌዳው በበዓል ቀን ተገልጦ ቢውል የሰንበት መሻር ይሁን አይሁን ብቻ ይበይኑ። ይረፍ ካሉ ሪፖርቴን በዚያው መሠረት እጽፋለሁ፤ ሰዎቹ ቸል ብለው ሳይሆን እምነታቸውን ጠብቀው መሆኑንና የበዓላቱን ቀን ሁሉ የሚያሻግር ትልቅ ባትሪ እንደሚያስፈልጋቸው አመለክታለሁ፤ ኃላፊዬ ቢቀበለኝም ባይቀበለኝም። ይዋል ካሉም የሚገልጡት ራሳቸው ባለቤቶቹ ይሆናሉ እንጂ እኔ ከእንግዲህ የማንም ጣራ ላይ ሳልጠየቅ አልወጣም። የፈራሁት የፍርዱን ዓይነት አይደለም፤ መልስ ሳይመጣ ቀኑ እንዳያልፍ ነው። በስልክ ሊነግሩኝ አይሞክሩ፤ የተባለ ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል።

ለእናቴ ለወለተ ሐዋርያት ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ የሰጠችኝን ጋቢ ቀንም ማታም አልለየውም ይበሏት። ወንድሜ ዓለምነው ሒሳቡን ትቶ ኳስ ብቻ እንዳያሳድድ ይምከሩልኝ፤ ቁመቱ የት እንደደረሰም ይጻፍልኝ። ትንሿን ዜማን ሁለት ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ እንዳትረሳኝ ስሜን እየጠሩ ያስለምዷት። ተማሪዎችዎን ሁሉ፣ ድምፁ የሚሰነጠቀውንም ጭምር፣ እንደምን ናችሁ ብላለች ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎ በእኔ ስም አይሁን፤ «ከሮብ ገበያ በላይ ለሚኖሩ ምእመናን» ብለው፣ በቄስ እንዳላማው በኩል፣ ስምዎንና ማዕረግዎን ከፊርማዎ ጋር አኑረው ይላኩልኝ። በኅዳር 11 ረቡዕ ገበያተኛው ይዞት እንዲወጣ፣ እስከ ኅዳር 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ይድረስልኝ።

ልጅዎ
አርሴማ ወልደ ሩፋኤል

ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.