በአባዬ ስም የታተመው ካላንደር

ጥር 13፣ ረቡዕ

አርባ ኮፍያ ይቀረኛል። መብራት ሄደ። ማተሚያው መሃል ላይ ቀዝቅዞ የዳቦ ቤቱን አርማ ግማሹን ብቻ አተመው። ሙሉቀን፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ግማሽ ዳቦ ያለበትን ኮፍያ ራሱ ላይ ደፍቶ ሲንጎራደድ ዋለ። ግማሹን ጾሜበት ነው ይላል። ሳቅኩ። ዛሬ የሳቅኩት ያችን ብቻ ነው።

ውባንቺ የግብ ሰሌዳውን አጸዳችው። ነገ የግማሽ ዓመት ግብ እንጥላለን። ሥልጠና ከወሰደች ወዲህ ቀን የሌለው ግብ ምኞት ነው ትላለች። ሦስት ሰዎች ነን። ለዳቦ ቤት፣ ለፀጉር ቤት፣ ለወፍጮ ቤት፣ ቲሸርትና ኩባያ ላይ ስማቸውን የምናትም። እሷ ግን እንደ ፋብሪካ ነው የምትመራን። የማኅበራችን ሰብሳቢ ነቻ!

ከሰዓት ወ/ሮ ጥሩወርቅ መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ ሁለት መቶ የጥሪ ካርድ። እሑድ የካቲት 15። ምነው እስከዚያ አዘገዩት አልኳቸው። የናንተው ካላንደር ላይ ሑዳዴ ሰኞ በ16 ይገባል፣ የመጨረሻዋ እሑድ እሷ አይደለች ወይ አሉኝ። ልክ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ራሴን አሞኝ ጎረቤት መድኃኒት ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የሌላ ሰው ካላንደር። ሑዳዴ የካቲት 9 ይላል። አይ እነዚህ፣ ተሳስተዋል ብዬ በልቤ አሾፍኩባቸው።

ከዚያ በጣቴ ቆጠርኩ። አባዬ በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ እንዳስተማሩኝ። አበቅቴ 12። መጥቅዕ 18። መባጃ ሐመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25። ሑዳዴ የካቲት 9።

ደግሜ ቆጠርኩ። አሁንም 9።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነነዌም፣ ሑዳዴም፣ ፋሲካም፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ዘግይቷል። በስመ አብ።

ጥር 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። ላንቺ ልናገር ደብተሬ፣ ለሌላ ለማን እናገራለሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። ነሐሴ ላይ ሰሌዳው እንዲህ ይል ነበር፦ ካላንደር፣ 600፣ እስከ ነሐሴ 25። አሥራ ሁለት ደንበኞች፣ ለእያንዳንዱ ሃምሳ፣ ከላይ የየሱቁ ስም። መንገድ ተዘግቶ ወረቀቱ ዘግይቶ ነው የገባው። ዝናብ። አባዬ ያሉበት ጋፋት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ቢሆንም ጭቃው እስከ ጉልበት። አባዬን ሄጄ ልጠይቅ ብዬ ነበር፣ ነገ ነገ ስል ቀረሁ። እሳቸው ለአምናው ያሰሉልኝን ፋይል ከፈትኩ። ጾሞቹ ሰኞ ላይ እንዲውሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሳብኳቸው። ሰኞ ስለሆኑ ብቻ ልክ መሰሉኝ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ልጅ! የአንድ ሳምንት ተማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት።

በ24 አስረከብኩ። አንድ ቀን ቀድሜ። "የነሐሴ ኮከብ" የሚል ኮፍያ አትመው አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ሰሌዳው ላይ ስንት፣ መቼ፣ ማን የሚል አለ። ልክ ነው ወይ የሚል ቦታ የለም።

ይሄ ሁሉ ይቅር። ከታች በኩል፣ ገበያ እንዲስብልን ብዬ፣ ምን ጻፍኩ መሰለሽ። "የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት፦ መሪጌታ ጥበቡ፣ ጋፋት።" አባቴ። የዚህ አገር ቄስ ግማሹ ባሕረ ሐሳብ የተማረው ከሳቸው እግር ሥር ነው። በስድስት መቶ ቤት ውስጥ፣ በደማቅ ቀለም፣ ያላሰሉት ስህተት በስማቸው ተሰቅሏል።

ብወጋ ደም አይወጣኝም።

ማታ

ስብሰባው ተደረገ። ከወንዛዬ ፍልውሃ አጠገብ ያለው ማረፊያ ቤት መቶ ፎጣ ስሙን አትሙልኝ ብሏል፤ የኔ ግብ ሆነ። ሙሉቀን ቁልፍ መያዣ። ውባንቺ ሃያ አዲስ ደንበኛ። ከሁሉ ትልቁን በቀይ ጻፈችው፦ ለመጪው ዓመት ካላንደር ሁለት ሺህ፣ በመሪጌታ ስም። ሰው እኮ ስማቸውን አይቶ ነው የሚወስደው አለች። ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ፣ በደስታ።

አሁን ልናገር አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ሻይ አለ ወይ ብዬ ዘጋሁት።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ጋፋት ደርሼ ተመለስኩ። ዛሬ ለአባዬ እነግራለሁ ብዬ ነበር መንገዱን ሙሉ ስለማመድ የሄድኩት። አባዬ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አባዬ ይቅር ይበሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ከገብሱ አውድማ ያሉ ሰዎች ይች ልጅ ለየላት እንዴ ሳይሉ አይቀሩም።

ካላንደሩ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እማዬ ናት የሰቀለችው። አባዬ ዞር ብለው አያዩትም፤ ካላንደር መቁጠር ለማይችል ነው ይላሉ። መስከረም ላይ ስማቸውን ሲያዩ ምንም አላሉኝም ነበር። እማዬ ግን በስተኋላ፣ ደስ ብሏቸዋል ብላ ሹክ ብላኛለች።

አራት ተማሪዎች ፊታቸው ተቀምጠዋል። አንዱ አበቅቴ አውጣ ተብሎ ሲሳሳት አባዬ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ደቅ አደረጉት። በአንተ ቃል ሕዝብ ይጾማል ይገድፋል፣ ሰማህ ወይ፣ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ሦስት ጊዜ ቁጠር አሉት።

ያመጣሁትን ስኳር አስቀምጬ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ምነው ፈጠንሽ አሉኝ። ሥራ በዛ አልኳቸው።

ፈሪ ነኝ። ልጅ ሆኜም ፈሪ ነበርኩ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሦስት ሰዓት ላይ ወ/ሮ ጥሩወርቅ በሩን በርግደው ገቡ። ካላንደሩን ጠቅልለው ይዘዋል። የነፍስ አባታቸው ቀኑን ሲሰሙ አማትበዋል። ጭራሽ ልጄን በሑዳዴ ልትድሩልኝ፣ ጮማ አስቆርጣችሁ ልታስረግሙኝ አሉ። የሙሽራው ዘመዶች ከእብናት ነው የሚመጡት፣ ቀኑ ተቆርጦ ተነግሯቸዋል። ድንኳኑ፣ በሬው፣ ምኑ ቅጡ። ቀኑን ወደ የካቲት 8 ለማምጣት ሽማግሌ ልከዋል። ሲጮሁ መንገደኛው በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

ውባንቺ ይቅርታ ብላ፣ ለምና፣ ካርዱን በነፃ እሠራለሁ ብላ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ይሄን ቀን ከየት አመጣሽው አለችኝ።

ደብተሬ፣ አሁን የምጽፈውን መልሼ ማንበብም አልፈልግ።

አባቴ ናቸው የሰጡኝ አልኩ። ነሐሴ ላይ፣ ለፍልሰታ ሄጄ ጠይቄያቸው።

ሙሉቀን አንገቱን ደፋ። ውባንቺ ፊቷ ለሰለሰ፣ ክንዴን ያዘችኝ። አይዞሽ፣ አይፈረድባቸውም፣ እርጅና ነው አለች።

አጽናናችኝ! እኔን!

ጥር 20፣ ረቡዕ

አዲስ ግብ ሰሌዳው ላይ ወጣ። 600 ስቲከር፣ እስከ ቅዳሜ። የተስተካከሉትን ቀኖች አትመን፣ ሱቅ ለሱቅ ዞረን፣ በተሳሳቱት ላይ እንለጥፋለን። ቤት ቤት ለገቡት ሱቆቹ ለደንበኞቻቸው ይሰጣሉ። ደግሞ ሁለተኛ ስቲከር አለ፣ ረዘም ያለ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ። እሱ ለታችኛው መስመር ነው። ለስማቸው ክብር ሲባል እንሸፍነው አለች ውባንቺ፣ ሰው እንዳይዘብትባቸው።

ዲዛይነሯ እኔ። ስፋቱን ለካሁ። የአባቴ ስም አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ነው።

እናገራለሁ አልኩ። ምሳ ላይ እናገራለሁ። ምሳ አለፈ። መቁረጫው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ጥሩ አደረገ።

የምፈራው ምኑን ነው? ሥራዬን ማጣት፣ አዎ። የውባንቺን ዓይን፣ አዎ። ከሁሉ በላይ ግን የአባዬን ዝምታ። አባዬ አይማቱም፣ አይሳደቡም። ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ሳለሁ ዋሽቼ ሁለት ሳምንት ዝም ብለውኛል።

ጥር 22፣ ዓርብ

ስንለጥፍ ዋልን። ወፍጮ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ዳቦ ቤት። በየሄድንበት አንድ ጥያቄ። መሪጌታ ደከሙ እንዴ? ነሐሴ ላይ ልጃቸው ስትጠይቃቸው ደክሟቸው ነበር ትላለች ውባንቺ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ፣ ያ ሊቅ ሰውዬ፣ አይ ጊዜ፣ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ቄስ ነበሩ። ፊታቸው በፎጣ ተሸፍኖ አላወቅኳቸውም ነበር፤ ሲያነሡት አየኋቸው። የአባዬ ተማሪ የነበሩ። ነገሩን ሁሉ ሰምተዋል። በዓይናቸው አዘኑልኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንግዲህ ጋፋት ገብቷል ማለት ነው።

አባዬ ሲሰሙ ውሸታም ይሉኛል፣ አልሰጠኋትም ይላሉ፣ እጋለጣለሁ። አሁን የምጠብቀው ይህን ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሳቸው ናቸው እላለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ሙሉቀን አሞሻል ወይ እያለ በር እስኪያንኳኳ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት

እማዬ ገበያ መጥታ ሱቅ ገባች። ቅቤውን ሳትሸጥ። ውጭ አወጣችኝ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጋችኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምታወራው።

እንደፈራሁት አይደለም። ከፈራሁት የከፋ ነው።

ዓርብ ማታ ቄሱ ሄደው ለአባዬ ነግረዋቸዋል። አባዬ አልሰጠኋትም አላሉም። ሲያስቡ ቆዩና፣ ነሐሴ ላይ መጥታ ጠይቃኛለች ማለት ነው፣ እኔ አላስታውስም አሉ። ልጄ አትዋሽም አሉ። ስለዚህ የጠፋው የኔ ልቡና ነው አሉ።

ጠዋት ተማሪዎቹን ሰብስበው ሌላ መምህር ፈልጉ፣ እኔ ከእንግዲህ አልታመንም ብለው አሰናብተዋቸዋል። ትንሹ እያለቀሰ ነው የሄደው። ከዚያ ደጅ ቁጭ ብለው የልጆቻቸውን ስም በተራ ይቆጥራሉ፣ የሞቱትንም፣ ከዚያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ እማዬን፣ የተጋባነው በማን ጊዜ ነው፣ ልክ ነኝ ወይ እያሉ ይጠይቋታል። ልክ ኖት ስትላቸው አያምኗትም። ለልጃችን አትንገሪያት፣ ታዝናለች ብለዋታል።

እማዬ ዓይኔን አይታ ምን አለችኝ መሰለሽ። እኔም መምጣትሽን አላስታውስም፣ ግን አንቺ ካልሽ መጥተሻል፣ እኔም አርጅቼ ነው አለች።

ሁለቱንም። ሁለቱንም አሳበድኳቸው።

እማዬ አልመጣሁም አልኳት። እዚያው፣ ገበያተኛው እየተጋፋን። ነሐሴ ላይ አልመጣሁም፣ አልጠየቅኩም፣ ዋሸሁ። አልገባትም መጀመሪያ። ሲገባት ቅቤውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አልተሳደበችም። ቶሎ ሂጂ አለችኝ፣ ሳይመሽ ድረሽላቸው።

ውባንቺን ጠርቼ ነገርኳት፣ በአንድ ትንፋሽ። ሙሉቀንም ሰማ። በእጇ የያዘችውን የነጭ ስቲከር ጥቅል እያየች ቆመች። ሰኞ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ሄድኩ።

ጥር 24፣ እሑድ፣ ጠዋት፣ ጋፋት፣ ቤ/ክ ቅጥር ውስጥ

ነገርኳቸው። ትናንት። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ መሬት ላይ በመቋሚያቸው ቁጥር ጽፈዋል፣ 12፣ 18፣ 25። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም አወጣሁት፣ የአምናውን ፋይል፣ አንድ ቀን መሳቤን፣ ሰሌዳውን፣ ውሸቴን። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ያ ዝምታ ይመጣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ተመስገን አሉ።

ሳይቆጡ፣ ሳይገሥጹኝ፣ መጀመሪያ ተመስገን። እጃቸው ራሴ ላይ ነበር። እንግዲያ ደህና ነኛ አሉ፣ ለኔም አይደለም፣ ለራሳቸው። አባቴ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ከኔ የባሰ ፈርተው ኖሯል፣ በኔ ምክንያት።

ቁጣው በኋላ መጣ። ስሜን ብትወስጂው ምንም አልነበረም፣ ስም ይመለሳል፤ ልቡናዬን ነው የወሰድሽብኝ አሉኝ። ከዚያ በቃ። እራት ላይ አልተነጋገርንም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ነነዌ ነገ እንደሚገባ ይነገራል። እዚህ አካባቢ ስቲከሩ ገና አልደረሰም፣ የሁሉም ቤት ካላንደር በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚለው። ሕዝቡ ይጠይቃቸዋል። ጠዋት ሲነሡ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ አልፈዋለሁ፣ አንቺን አላነሣም፣ ሽማግሌ ቢሳሳት ማን ይፈርድበታል አሉኝ። እኔ እናገራለሁ አልኳቸው። ትፈሪያለሽ አሉኝ። አዎ አልኳቸው፣ እፈራለሁ።

አሁን ከጽዱ ዛፍ ሥር ነኝ። ሁሉም የሚያውቀኝ ሰው ነው፣ ክርስትና ያነሡኝ፣ ጡት ያጠቡኝ፣ የመሪጌታ ልጅ እያሉ የሚጠሩኝ። ከዛሬ በኋላ ምን ብለው ይጠሩኝ ይሆን።

ቅዳሴው አበቃ። ሰው በሴቶች በር በኩል እየወጣ ነው። አባዬ ወጡ፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሙ፣ ሕዝቡ ተሰበሰበላቸው። ወደኔ አላዩም። እንድሸሽ መንገድ ሰጥተውኝ ነው።

አልሸሽም። ተነሣሁ