ለሬሳችን ስለተፈቀደልን መኪና የቀረበ ምስጋና

ሆሳዕና፣ ኅዳር ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ፣
የሐኪም ቤታችን ዋና አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንዴት እንደ ሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትዎንና በተለይም ሳንባዎን እንዲጠብቅልን እኔና ባልደረቦቼ በየማለዳው ሥራ ከመጀመራችን በፊት እንጸልያለን። ስሜ ጣቢታ ኤሊያስ ይባላል፤ ከቢሮዎ በታች ባለው የሳንባ ሕሙማን ክፍል በነርስነት አገለግላለሁ። ክቡርነትዎ ወደዚያ ክፍል ወርደው ስለማያውቁ ፊቴን ባያስታውሱት አልቀየምም።

በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በዝግ ፖስታ ጽፈን ያገኘነውን መልስ ሕዝቡም አይቶ እንዲፈርድልን ብዬ ነው።

ባለፈው ክረምት እኛ ነርሶች ማኅበር እናቋቁም ወይስ ይቅርብን በሚል ክፉኛ ተከራክረን ነበር። አንድ ልብ አልነበረንም። ከሁላችን ቀድማ የተመረቀችው እህተማርያም፣ ነርስ የማለችው ለበሽተኛ እንጂ ለጓደኞቿ አይደለም፣ ማኅበርተኛ ሆና ሥራ ያቆመች ዕለት በሽተኛውን ማን ያገላብጠዋል ብላ አጥብቃ ተቃወመች። እኔም ግማሽ ልቤ ከእርሷ ጋር ነበር። ክርክሩ ያበቃው አብራን የምትሠራው ገነቴ ደም የተፋች ዕለት ነው። በሽታው የያዛት ከዚያው ከምታስታምምበት ክፍል ነው። በማመልከቻው ላይ መጀመሪያ የፈረመችው እህተማርያም ሆነች።

ማኅበር እንዲፈቀድልን፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ እንዲሰጠን፣ ገነቴም በሐኪም ቤቱ ላንድሮቨር አዲስ አበባ ለሕክምና እንድትላክ ጠየቅን። መዝገብ ቤቱ ማኅተም የሌለው የጋራ ማመልከቻ አልቀበልም ስላለን፣ ያለንን ብቸኛ ማኅተም፣ የእድራችንን ማኅተም፣ አተምንበት። ጥፋታችን ይህ ነው። ክቡርነትዎ ጽሑፉን ትተው ማኅተሙን አንብበው ኖሮ፣ የእድሩ አባል የሆነች ሠራተኛ ስትሞት ሬሳዋን ቤተ ዘመድ ወደ ፈለገበት ቦታ ለማድረስ ላንድሮቨሩ መፈቀዱን በፊርማዎ አስታወቁን።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

፩ኛ. ስለ መኪናው እጅግ እናመሰግናለን። የተፈቀደልን ከጠየቅነው የሚለየው ገነቴ አስቀድማ መሞት ስላለባት ብቻ ነው። የመናኸሪያው አውቶቡስ ደም የምትተፋ ሴት አላሳፍርም ስላለን፣ ከክቡርነትዎ መኪና በቀር ተስፋ የለንም።

፪ኛ. ስሕተቱን ለማስረዳት በመጣን ጊዜ ግቢው ውስጥ አሰልፈው ስለሰጡን ትምህርት እናመሰግናለን። ሥራችን ቅዱስ እንደ ሆነ፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች የወጣው የማኅበር ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን እንደማይመለከት፣ አዲስ አበባ ያሉ ነርሶች የሙያ ማኅበር ቢኖራቸውም አዲስ አበባ ሌላ እንደ ሆነ ተረድተናል። ቅድስናውን በደስታ ተቀብለናል። እስከ ዛሬ ግን ተቀድዶ የተጣፈ ጓንት እያፈላን መልሰን እናጠልቃለን፤ በሽተኛው ፊታችን ላይ ሲስል የምንጋርደው በነጠላችን ጫፍ ነው።

፫ኛ. ማኅበሩን ከልክለው እድሩን ስላልነኩብን እናመሰግናለን። ተሰብስበን እንድናለቅስ ፈቅደውልናል፤ የከለከሉን የሚያስለቅሰን ነገር እንዳይመጣ መሰብሰብን ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከሺንሺቾ በኩል በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ በመስኮትዎ አይተው ያውቁ ይሆናል። አንዱ ትከሻው ሲዝል ድምፁን ያሰማል፤ ከኋላ ያለው ሮጦ ይተካዋል። እንዲህ ተጋግዘው ባይሸከሙ ኖሮ በሽተኛው መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ፈቃድ አላችሁ ወይ ብሎ የሚያስቆማቸው አላየሁም። እኛም ሲዝለን ድምፃችንን የምናሰማበት ነገር ይኑረን ነው ያልነው፤ በሽተኛ ጥሎ መሄድን ማንም አላሰበም።

ከዚህ በላይ በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አቃተኝ። ፈርቻለሁ። ገነቴ ራሷ ታስታምመው የነበረ ሰው በሞተበት አልጋ ላይ ተኝታ፣ በገባሁ ቁጥር የመኪናው ትእዛዝ ታርሞ መጣ ወይ ትለኛለች። ነገ ይመጣል እላታለሁ። ነርስ ናትና ስዋሽ ታውቅብኛለች፤ እንዳላፍር ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እባክዎ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ እስትንፋሷ ሳለ ይላኳት። ማኅበሩ ቢያስቆጣዎት ከሥራ የሚያስወጡት እኔን ይሁን።

ሲሰለፉ ቀጥ ብለው የሚቆሙት፣ ሲመከሩ አንገታቸውን የሚደፉት፣ ሲሞቱም መጓጓዣ የማይቸግራቸው ነርሶችዎ በሙሉ እጅ ይነሳሉ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ጣቢታ ኤሊያስ

ግልባጭ፦ ለመናኸሪያው ግድግዳ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ የላንድሮቨሩ ሾፌር አቶ ተገኘ፣ የተጻፈለት ትእዛዝ ሬሳ እንዲጭን ብቻ ስለ ሆነ፣ በሕይወት ያለ ሰው ቢጭን እንጀራው እንደሚቋረጥ ነግሮናል። ይህን የሰማችው ገነቴ ራሷ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ ተሸፍና አዲስ አበባ እስክትደርስ ሳትንቀሳቀስ ለመተኛት ፈቃደኛ መሆኗን እንዳመለክትላት ለምናኛለች። እኛም አጠገቧ ተቀምጠን እያለቀስን እንሸኛታለን፤ ለዚህ ፈቃድ አለን። ስለ ሳሏ ግን ዋስ መሆን አልቻልንም።