ሽማግሌዎቹን ያስነሳው ደብዳቤ

አዋሳ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለይልማ ባዬ
ላይፕዚግ

ጤናህን ጠይቄያለሁ። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ፤ የቀረው ቁጣ ነው። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህርት ሙሉመቤት ናት። «ትንሽ ላለዝበው?» ብትለኝ «እንዳልኩት ጻፊው» ብያታለሁ።

ባለፈው እሑድ የግዛቸው ቤተሰቦች እህትህን ተዋበችን ለእሱ ሊጠይቁ ሽማግሌ ላኩ። ደብዳቤህ በዋዜማው ደርሶ ነበር። ያንተ ደብዳቤ በቤቴ እንግዳ ፊት እንደሚነበብ ታውቃለህ። ኮርቼ አስነበብኩት።

አንተ ስለ ወንድሜ ምን ጻፍክ? «አጎቴን አሰፋን የገደለው የአንገት ነቀርሳ ከገዛ ሥጋው የተነሳ ነው። ሬት የሚባል ጂን፣ በዘር የሚወረስ የሥጋ መመሪያ፣ አለ። ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን ለሥጋችን ‹እደግ› የሚል ትእዛዝ ያቀብላል። ጂኑ ሲበላሽ ግን ፕሮቲኑ ማንም ሳያዘው ‹እደግ፣ እደግ› እያለ ይጮኻል። በአንዳንድ ቤት ብልሽቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይወርድ አይቀርም።»

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አቶ አምሳሉ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «አቶ ባዬ፣ ዘር ልንቆጥር መጥተን ነበር። ልጅዎ ቆጠረልን» አሉኝ። የቀረበላቸውን እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ስሙንስ ሬት ያለው ማነው? አፌ ድረስ መረረኝ።

ከሄዱ በኋላ ሙሉመቤት የቀረውን አነበበችልኝ። ለካ ጂኑ በሰው ሁሉ ውስጥ አለ፤ ደህና ሲሆን ይጠቅመናል ብለሃል። ታዲያ ይሄን ለምን መጨረሻ ላይ አስቀመጥከው? በአቶ አምሳሉም ሥጋ ውስጥ አለ ማለት እኮ ነው! ተዋበች ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እኔን! የጻፍኩት እኔ ነኝ እንዴ?

አሁን የማዝህን ስማ። ለአቶ አምሳሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላክ፤ ተዋበች ንጹሕ ናት በል። መምህርት «ሳይመረምራት እንዴት ይላል?» ትላለች። እንግዲያው ና መርምራት! መንግሥት እዚያ ድረስ የላከህ ለምንድን ነው?

ስትመጣ ሸሚዝ አታምጣልኝ። የላክህልኝ የአንገቱ ቁልፍ ከመስከረም ወዲህ አልገጥም ብሎኛል። ለተዋበች «ጨርቁ በውሃ ተሰብስቦ ነው» ብያታለሁ።

ያንን የ‹እደግ፣ እደግ› ጩኸት ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት እዚያ አለ ወይ? የዚህን መልስ ለብቻው በሌላ ወረቀት አድርገው። እሱ በእንግዳ ፊት አይነበብም።

እግዚአብሔር እጅህን ያቅናልህ። ክፉ አይንካህ። ቶሎ ና።

አባትህ ባዬ ደረሰ
(አሻራዬ ከዚህ በታች ነው)