የሞትኩበት ወረቀት

ሰኔ 4

ዝናብ ዋለ። ጎደሬውን ኮተኮትኩ። ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ብርነሽ ትጽፋለች። አራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የማስጽፈው፣ ሰው ሁሉ ቃሉን እየለዋወጠ ስላስቸገረኝ ነው። ማን ምን እንዳለ በየቀኑ ይያዝልኝ። ያልኩትን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ። "እሺ አባ" ትላለች… ብትጨምርበት በምን አውቃለሁ? እሁድ ወንጌላዊ አሮን ያነብልኛል። ያኔ እናያለን።

ልጄ ኢሳይያስ ከደወለ ሰባት ወሩ። ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ የወጣ ነው።

ሰኔ 8

አሮን አነበበው። ያልኩትን ነው የጻፈችው። ወገቤንም ጭምር! በሰው ፊት ወገቤን ጮክ ብሎ አነበበው። ከእንግዲህ ይህ ደብተር የእኔና የእሷ ብቻ ነው።

ሰኔ 15

ስልክ። በብርነሽ ስልክ፣ በማይታወቅ ቁጥር።

"አባ፣ እኔ ነኝ። ኢሳይያስ።" ድምፁ ሰልሏል፤ መስመሩ ይቆራረጣል። ማላዊ እስር ቤት ነኝ አለ። ጥገኝነት ጠይቄያለሁ አለ። ምንድነው እሱ? "አስጠጉኝ ማለት ነው፣ አባ። ያለፈቃድ ገብተሃል ብለው አሰሩኝ። ቅጣቱን ጨርሻለሁ፣ ግን አልለቀቁኝም። ክፍሉ ስለማይበቃ የምንተኛው በተራ ነው።"

ቀጥሎ ያለውን ብርነሽም ሰምታለች። "አባቴ ተገድሏል ብዬ አስመዝግቤያለሁ። ሰው መጥቶ ቢጠይቅዎት አላውቀውም ይበሉ።"

ተቆረጠ።

ገደለኝ! በገዛ አፉ። እኔ ዳና፣ እስካሁን ማሳዬን ራሴ የምቆፍር ሰው…

ሰኔ 16

ያ ድምፅ የእሱ ነው? ልጄ ሲያወራ ይጣደፋል። ይሄኛው ቃሉን እየመረጠ ነው። "እስረኛ እኮ ነው፣ አባ" ትላለች ብርነሽ። እሷ የሰውን ቃል ቶሎ ታምናለች።

እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ልጁን የወሰደው የበዴሳው ደላላ ትግሉ ነው። መንገድ ላይ ሞቶባቸው ቢሆንስ? እንዳልጠይቅ በሌላ ልጅ አፍ ቢያናግሩኝስ? አላውቀውም ያለ አባት፣ ነገ ልጄን አምጡ ማለት ይችላል?

ሰኔ 21

በዴሳ ገበያ ወረድኩ። ትግሉን በግ ሲያማርጥ አገኘሁት።

"ልጄ በሕይወት አለ?" አልኩት።

"ጋሽ ዳና፣ ደወለልዎት አይደል እንዴ?"

ደወለ ብዬ መች ነገርኩት? ማን ነገረው?

"የአባቱን ነገር እንዲህ በል ያልኩት እኔ ነኝ" አለ፣ ሳያፍር። "ከበድ ያለ ነገር ካልነገሯቸው አይሰሙም።"

"አንተ ነህ የገደልከኝ?"

ሰው ሳቀ። "ይኸው ቆመው እየሄዱ አይደል! ምን ጎደለብዎት?" አለኝ ትግሉ። ከዘራዬን አነሳሁ። ያዙኝ እንጂ…

ልጁ ያለነገር አልሄደም። እዚሁ አገር ታስሮ ሲወጣ ሸሚዙን ገልጬ የተገረፈ ጀርባውን ያየሁ እኔ ነኝ። ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። ያን ጀርባ ማሳየት አይበቃም ኖሯል? የግድ እኔ መሞት አለብኝ?

ሐምሌ 3

ከሶዶ አንዲት ሴት መጣች። ህብረት እባላለሁ አለች። የታሰሩ ሰዎችን ቤተሰብ የሚያፈላልግ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው አለች። ከኢሳይያስ ጋር የታሰረ የአገራችን ልጅ የኢሳይያስን አባት አውቃለሁ፣ በሕይወት አለ ብሎ ነግሯቸዋል። ወንበር ሰጠኋት፤ ቃል ግን አልሰጠኋትም።

ፎቶ አሳየችኝ። አጥንት ብቻ የሆነ ልጅ። የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል።

"ሶዶ ቢሮ ይምጡና በቪዲዮ ይዩት፣ አባቴ። ልጄ ነው ካሉ የጥገኝነት ጥያቄው ይቀርና ወደ አገሩ ይመለሳል። አይደለም ካሉ ጥያቄው እስኪታይ እዚያው ይቆያል።"

"ሲመለስ እዚህ ማን ይጠብቀዋል?"

"እሱን እኛ አናውቅም።"

ቢያንስ ይቺ አልዋሸችም። ወይስ ይሄም አነጋገር ነው?

ሐምሌ 5

ልሄድ ነው። ብርነሽ አልወደደችውም። "እዚያ ከገቡ አባቱ ነኝ ማለት ነው እኮ።" ልየው ብቻ። መኖሩን በዓይኔ ልየው። በድምፅ አላምንም፣ በፎቶ አላምንም። መሞቱን ደብቀውኝ እንደሆነ ለቅሶዬን ልቀመጥ።

ሐምሌ 9

ሶዶ። ኮቴን ለበስኩ። ብርነሽ አብራኝ ገባች። ኮምፒውተሩ ላይ ባዶ ወንበር ይታያል፤ ከኋላው ግድግዳ። ብዙ ጠበቅን። አንድ ልጅ አምጥተው አስቀመጡ። አንገቱን ደፍቷል።

ቀና አለ። አየኝ። ከወንበሩ ተነሳ።

ጠባቂው ትከሻውን ይዞ ወደ ታች ተጫነው። አልተቀመጠም። እጁን አጣምሮ ቆመ። በእኛ ቤት ልጅ አባቱን ሲያይ ይነሳል፣ ቁጭ በል እስኪባልም አይቀመጥም። ሌላ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ሁሉ አለቀ።

"እኚህን ሰው ታውቃቸዋለህ?" አለችው ህብረት።

"አላውቃቸውም" አለ። "አባቴ ሞቷል።"

ቆሞ ነው ይህን ያለው።

ህብረት ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎስ፣ አባቴ?"

ልጄ ነው ብል ወር ሳይሞላ ደጄ ላይ ነው። አቅፈዋለሁ። ከዚያስ? ያ ጀርባ መጣብኝ…

"የእኔ ልጅ ከዚህ ይወፍራል" አልኩ። "አይደለም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ልጄን አላውቅም ነው የምትይኝ?"

ብርነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጁ አሁንም እንደቆመ ነው። ቁጭ በል ልለው አፌ ላይ ደርሷል። ካልኩት ይቀመጣል። ከተቀመጠ ያውቁብናል።

ወጣሁ።

ሐምሌ 10

አለ። ልጄ አለ።

ዛሬ ጎረቤት ሁሉ ጠየቀኝ። የሌላ ሰው ልጅ ነው አልኩ። አሮን ሊጸልይልኝ መጣ፤ ለእሱም ዋሸሁ።

ብርነሽ ወረቀቱን በእንባ አራሰችው። አታልቅሺ፣ ጻፊ። ዳና ልጁን ቁጭ በል ሳይለው ወጣ ብለሽ ጻፊ።