የፈጠራ ናት የተባልኩት እናት

አለፈች! ወንድምዬ፣ ልጄ ፈተናውን አለፈች! ሰላምታውን ቆይቼ አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ ይሄ ይውጣልኝ፣ አለዚያ እፈነዳለሁ። የንግግር ሕክምና ትምህርቷን ጨረሰች፤ የመጨረሻውን ፈተና እውነተኛ ታካሚ ፊት ቁጭ ብላ፣ በገዛ አንደበቷ እየጠየቀች አለፈች።

እሺ፣ አሁን ሰላምታ። እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህ ተሻለህ? ያ ጎረቤትህ አሁንም ሬዲዮውን ያስጮሃል? እኛ ደህና ነን። እኔማ ከደስታ ብዛት ሻዩ ላይ ጨው ጨምሬ ባለቤቴን አጠጣሁት፤ ዝም ብሎ ጨለጠው፣ እሱም ምን እንደሚጠጣ አላወቀም መሰለኝ።

አልነገርኩህም እንጂ ልታቋርጥ ነበር። እዚያ ትምህርት ቤታቸው ኮምፒዩተር የፈጠራቸው ታካሚዎች አሉ፤ ድምፅ አላቸው፣ ታሪክ አላቸው፣ ሰው ግን አይደሉም። ተማሪዎቹ በእነሱ ይለማመዳሉ። የኔዋ በእነሱ አንደኛ ነበረች። ለምን ብትለኝ፣ ኮምፒዩተር ዓይን ዓይኗን አያያትም፤ ጥያቄዋንም ትጽፍለታለች እንጂ አትናገርም። እውነተኛ ታካሚ ሲመጣ ግን ከሰው ጀርባ ትደበቃለች። "እኔ እየተንተባተብኩ ማንን ላክም ነው? ይስቁብኛል" እያለች ስታለቅስ፣ እኔም አብሬ ሳለቅስ ከረምን።

ታዲያ አንድ ቀን መምህሯ ስለ ልጆቻቸው የሚናገሩ እናቶችን ድምፅ አሰማቻቸው። ግማሾቹ እውነተኛ፣ ግማሾቹ የኮምፒዩተር ሥራ። የቱ የማን እንደሆነ ለዩ፣ ልጁንም በምን እንደምትረዱት ንገሩኝ አለች። አንዷ እናት እንባዋን እየዋጠች የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች። ክፍሉ በሙሉ "ይቺስ እውነተኛ ናት፣ አንጀት ትበላለች" አለ። ቀጥላ ሌላዋ መጣች። ልጅሽ መቼ መንተባተብ ጀመረች ስትባል ስለ ጎረቤቷ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ስለ ቧንቧው መፍሰስ፣ ስለ አማቷ አመል ታወራለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ይቺ የፈጠራ ናት! እንዲህ የምትለፈልፍ እናት የለችም፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው" አሉ።

እኔ ነበርኩ! ልጅቷን በልጅነቷ ያከመቻት ሐኪም "ለማስተማሪያ ይሆናል፣ ስም አይጠራም" ብላ ድምፄን ቀድታ ነበር። የት እንደሚደርስ በምን አውቄ! ያቺ አንጀት የምትበላዋ ናት ኮምፒዩተሩ የሠራት።

ልጄ ተነሳች። "እናቴ" ልትል ስትል ቃሉ አልወጣ አላት። አንዱ ሊጨርስላት አፉን ሲከፍት መምህሯ በእጇ ከለከለችው። ጠበቋት። "እ... እናቴ ናት። ልጅቷም እኔ ነኝ" አለች። ያን ጊዜ የሳቀ ሁሉ አንገቱን ደፋ። መምህሯ የራሷን ወንበር ለቀቀችላትና "በሉ፣ ታካሚያችሁ መጥታለች፤ ጠይቋት" አለች። ሰው ቃልሽን ሲጨርስልሽ ምን ይሰማሻል ቢሏት፣ "ጉርሻዬን ገና ሳላኝከው ከአፌ የነጠቁኝ ያህል" አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ተደብቃ አታውቅም።

አንተም እንዳትቆጣኝ። ሐኪሟ "ከቤተሰብ ሌላ የሚንተባተብ አለ ወይ?" ስትለኝ፣ "አለ፣ ወንድሜ፤ ከሁላችንም ጨዋታ አዋቂው እሱ ነው፣ እስኪጨርስ የሚጠብቀው አጣ እንጂ" ብያታለሁ። ይሄም ተማሪዎቹ ከሰሙት ውስጥ ነው። ስልክ እንደማታነሳ ስለማውቅ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። ልጅቷ ግን ቁርጧን ነግራኛለች፦ "የምመረቀው በአጎቴ ነው። እሱ መርቆኝ እስኪጨርስ፣ ቢመሽም ይምሽ፣ ማንም ማንኪያ አያነሳም!"

ጤናህን ይስጥልኝ፤ ያሰብከው ይሙላልህ፤ ደጅህ ሰው አይጣ።

ምላሷ የማያርፍ እህትህ

ውይ፣ የምርቃቷን ድግስ ቀን ሳልነግርህ ደብዳቤውን ላሽገው ነበር! የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፣ ለምሳ። ዘመድ አዝማዱ፣ ያ ባለ ሬዲዮ ጎረቤትህም ሳይቀር፣ ሁሉም ቅዳሜ ይምጣ። አንተ ግን ዓርብ ና፤ ያን ሌሊት አንተ ታወራለህ፣ እኔ እሰማለሁ።