በሞቴ አትበይው

ለውድ እናቴ፦

ጤናሽ እንዴት ከረመ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ግድግዳውን ይዘሽ ነው? ዓይንሽን ሐኪም አየልሽ? ቤቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ አለሁ። ድሮ አለሁ ስልሽ ደህና ነኝ ማለቴ ነበር። አሁን አለሁ ማለት እንዲያው አለሁ ማለት ነው፤ አልታመምኩም፣ ደስም አላለኝም።

ይህን ደብዳቤ ታናሽ እህቴ ታንብብልሽ። ወንድሜ ኩንታሌ እንዳያነብልሽ አደራ፤ የምጽፈው ስለ እሱ ነው፣ ደግሞም ያልጣመውን መስመር እየዘለለ እንደሚያነብ ታውቂያለሽ።

ሐኪሞቹ ውፍረቱ እንዲቀንስ ጨጓራውን ቆርጠው ሊያሳንሱለት ቀጠሮ እንደሰጡት ነግሮኛል። አንቺ ልጄን ቢላ አይነካውም ብለሻል፤ እሱም እናቴ እሺ ካላለች አልገባም ብሏል። ባለፈው በስልክ፣ አንቺ ይህን ቀዶ ሕክምና አድርገሻልና እውነቱን ንገሪኝ፣ ይገድላል ወይስ ያድናል ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ መልስ አጥቼ አይደለም። አንቺ ስታለቅሺ እኔ እንባ አልመጣ ብሎኝ፣ አፍሬ ነው።

እንግዲህ ልንገርሽ። አንቺ እንደምታስቢው ሆድ አይዘረገፍም። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብተው አብዛኛውን ጨጓራዬን ቆርጠው አወጡት፤ የቀረችው አንድ ሙዝ ብታህል ነው። በሦስተኛው ቀን በእግሬ ሄጄ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሐኪሙ ሲያስፈርመኝ ምንም አልደበቀኝም። ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል፣ ደም ሊረጋ ይችላል፣ የሚሞትም አለ፣ ግን ከብዙ መቶ ሰው አንድ ቢሆን ነው አለኝ። እንዲህ ሆነሽ መቀመጡ ከዚህ ይብሳል ሲልም ጨመረ። ዛሬ ስኳሬ ወርዷል፤ የደም ግፊት ኪኒኑንም አስቁመውኛል። በምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ አንሶላ ስተኩስ ድሮ በየመሀሉ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ላይ ቁጭ እል ነበር፤ ሁለት ቅርጫት ሰብሬአለሁ። አሁን ፈረቃዬን ቆሜ እጨርሳለሁ።

ክፉውንም ስሚ። ፀጉሬ ረግፎ ነበር፣ በቅሏል። ቪታሚን ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ። የክንዴ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ካልተጠነቀቁ ውፍረቱ መልሶ ይመጣል። ደግሞ አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። እኔ ድሮ ሆድ ሲብሰኝ እበላ ነበር። መብላቱ ሲቀር ሆድ መባሱም አብሮ ቀረ። ሆድ ይፍጀው እንዳልል እንኳ ሆዴን ቆርጠው ጥለውታል። ሰው ቀጠንሽ፣ አማረብሽ ሲለኝ ስለ ሌላ ሴት የሚያወራ ይመስለኛል። ለሐኪሙ ስነግረው ይህም የሚያጋጥም ነው ብሎ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ላከኝ። እየሄድኩ ነው። ገና ነኝ።

ግን እማዬ፣ እኔን ሊገድለኝ የነበረው ቢላው አይደለም፤ እዚሁ ሰው አገር ያለችው እህትሽ ናት። ከሆስፒታል ከወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ልትጠይቀኝ መጣች። ያኔ የተፈቀደልኝ ቀጭን ሾርባ ብቻ ነበር። አይታኝ ከሳሽብኝ፣ ፊትሽ አለቀ ብላ አለቀሰችና ጠብሳ ካመጣችው ሥጋ አንዲት ቁራጭ አንስታ በሞቴ አለችኝ። አክስቴ አይሆንም፣ ከልክለውኛል አልኳት። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ አለች። አንቺው ነሽ ያሳደግሽኝ፤ በሞቴ ሲባል እንዴት እምቢ እንደሚባል አላስተማርሽኝም። ዋጥኩት። ያ ቁራጭ ተሰንቅሮ ሲያስመልሰኝ ውሎ በአምቡላንስ ተመለስኩ፤ ስፌቱ ሊከፈት ለጥቂት ነበር። ሐኪሙ ማን አስገደደሽ ብሎ ተቆጣ። በእሱ ቋንቋ ልንገረው ብል፣ ካልበላሽ እሞታለሁ ያለች ሴት አለች ልለው ነው። ማንም አልኩት። አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ እኔ ምን አጠፋሁ፣ ስለምወዳት እኮ ነው ትል ነበር። እውነቷን ነው። አልተቀየምኳትም።

ኩንታሌ ያልነገረሽን እኔ ልንገርሽ። በቀደም ሚኒባሱን ሞልቶ ሲሄድ የትራፊክ መብራት ላይ መሪውን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው፤ የቀሰቀሱት ከኋላው ያሉት መኪኖች በጥሩምባ ነው። ሌሊት ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቀጥ ይልና ቆይቶ ይመለሳል። ይህን ድምፅ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ አባቴ እንዲሁ ነበር። ያን ጠዋት ሳይነሣ ሲቀር ጠግቦ ተኝቷል፣ ተዉት ተባብለን ቤቱ ውስጥ በእግር ጣታችን ተራመድን። ልወቅስሽ አይደለም። ማናችንም አላወቅንም።

ስለዚህ ይግባ። ሲወጣ አራት ማንኪያ ጠጥቶ በቃኝ ካለ፣ በቃው። ሆድ ካገር ይሰፋል ትይ የለ፣ የእሱ ከእንግዲህ አይሰፋም። ጎረቤት ልጅሽ ከሳ፣ ምን ነካው ሲልሽ ታክሞ ነው በይ፤ አትሸማቀቂ። ተነሥተህ ተራመድ፣ መድኃኒትህን ዋጥ ስትይው በሞቴ በይው፤ ምግብ ላይ ግን አትበይው።

አያቴን ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለሽ ሰላም ብላሻለች በያት፤ ካልሰማችሽ ድገሚላት። አጎቴን ቀልዱ እንደናፈቀኝ ንገሪልኝ፤ ኩንታሌ ብሎ ያወጣው ስም ግን ከእንግዲህ አያስቀንም። ጓሮ ያለችውን ተከራያችንን ነርሷን ሰላም በይልኝ፤ ሾርባውን እሷ ትቆጣጠር። እህቴን እስከዚህ ድረስ ስላነበበችልሽ ሳሚልኝ። ለኩንታሌ ሰላምታ አልላክሁም፤ እሱ የሚጠብቀው ያንቺን ቃል ነው። ለአባቴ እሺ ወይ እምቢ በሉ ብሎ የጠየቀን አልነበረም። ለእሱ ግን ተጠይቀሻል።

ልጅሽ ድንቡሼ

ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ መተኮሻው ክፍል
ኅዳር 9 ቀን